በሞቴ የማይባልበት ማዕድ

ለእትዬ፣

እንኳን ለአረፋ በዓል አደረሰሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እማዬ የነገረችኝ ቅባት ረዳሽ ወይስ አሁንም ወደ እማዬ ፎቅ ደረጃውን የምትወጪው ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? አራት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ ኖሬ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ስጠይቅሽ ወረቀቱ ራሱ ሳይታዘበኝ አይቀርም። እኔ፣ ባለቤቴ ኦክታይና ልጃችን ዴፍኔ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ስልሽ እኛን ለማሳበድ የሚበቃ ጤና አላት ማለቴ ነው።

ከወረቀቱ ራስጌ የተሳሉትን ዘንባባና ፀሐይ አይተሽ እንዳትስቂብኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ያገኘሁት የሆቴሉን ወረቀት ብቻ ነው። ዛሬ የበዓሉ ሦስተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እማዬ ተኝታለች። ከበረንዳው ሥር ገንዳው ዳር አንድ ጎረምሳ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ «እጅ ወደ ላይ! እጅ ወደ ታች!» እያለ የሰው አያቶችን ያዘልላል። ለዕረፍት መጥቼ ጭንቅላቴን ሲወቅጡት አምስተኛ ቀኔ ነው።

የምጽፍበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ መታረቅ እፈልጋለሁ። ነገ ማታ በዓሉ ያበቃል፤ ታናሽ ሆኜ እጅሽን ሳልስም አምስተኛው አረፋ ሊያልፍ ነው። የተጣላንበትን ቀን መድገም ቢያስጠላኝም እሱን ዘልዬ የትም መድረስ አልችልም። አባባ ያረፈ ዕለት እኔ ከዚህ ሃያ ደቂቃ በማይርቅ ሌላ ሆቴል ነበርኩ። ከተማችን አፍዮን ስደርስ ከተቀበረ ሰዓታት አልፈዋል። ለቅሶ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ በሞላበት «ሳትጠብቂኝ ቀበርሽው!» ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺ «ደውዬልሽ ነበር» አልሽ፤ ሌላ ቃል አልጨመርሽም። እኔ «ስልኬ የክፍሉ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ነበር፣ በምን ልስማ?» አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። በየዓመቱ ከአንካራ ወደ ባሕሩ ስንወርድ ከተማችን ላይ ለቋሊማ እንቆማለን እንጂ ለሰው አንቆምም።

ዘንድሮ የቆምነው እማዬ «እኔም ባሕሩን ልየው» ብላ ስላስቸገረች ነው። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ባሕር ሳታይ የኖረች ሴት ዘንድሮ ምን እንደያዛት ያኔ አልገባኝም ነበር። ልንወስዳት ስንመጣ ከመኪናው እንዳልወረድኩ አይተሻል፤ የምድር ቤቱ መጋረጃሽ ሲነቃነቅ እኔም አይቻለሁ። ስንነሳ ደግሞ ባልዲ ይዘሽ ወጥተሽ ከኋላችን ውሃ ስትደፊ በመስታወቱ አየሁሽ። «እንደ ውሃ ሂዱ፣ እንደ ውሃ ተመለሱ» ስትዪ ከንፈርሽ ይታየኝ ነበር። ለእማዬ ብላ ነው የደፋችው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ኦክታይ መሪውን እንደያዘ «ለአንድ ሰው ሙሉ ባልዲ አይደፋም» አለ። ዝም ብለህ ንዳ አልኩት።

ኦክታይን ካነሳሁት አይቀር ትንሽ ልማው። ባሌ ለሱብሒ ሶላት ተነስቶ አያውቅም። እዚህ ግን ጎህ ሳይቀድ አራት ፎጣ ታቅፎ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይወጣል። ገንዳው ዳር ጥላ ያለበትን የመንጋለያ ወንበር መርጦ ፎጣውን ያነጥፍና ተመልሶ ይተኛል። አባወራው ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ መቶ ፎጣ በተርታ ተጋድሟል፣ ሰው ግን አንድም የለም። በሁለተኛው ቀን አንድ ከትራብዞን የመጣ ሪዛም ሰውዬ የኛን ፎጣ አንስቶ የራሱን አንጥፎ ተገኘ። ኦክታይ «ወንድም፣ ይህ ቦታ እኮ ተይዟል» ቢለው፣ ሰውዬው ቀና ሳይል «ካርታውን አምጣና ልየው» አለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላይ ይሻለኝ ነበር። አንድ የባንክ ሠራተኛና አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሁለቱም ራሰ በራ፣ ሁለቱም በዋና ቁምጣ፣ አንድ ፎጣ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጓተቱ! እኔ ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ የማላውቃቸው መሰልኩ። በኋላ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች መሆናቸው ታወቀና ታረቁ። አሁን ፎጣ ለማንጠፍ የሚወጡት ተጠራርተው ነው።

እማዬ ግን ከሁሉም ባሰች። ገና ስንገባ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ሰማያዊውን የፕላስቲክ አምባር ልታስርላት ስትል እጇን ሰበሰበች። «ሆስፒታል ነው እንዴ ያመጣችሁኝ?» አለች። «አይደለም እማዬ፣ ይህን ካሰርሽ የፈለግሽውን ትበያለሽ፣ የፈለግሽውን ትጠጫለሽ፤ ማንም ምንም አይልሽም» አልኳት። «ማንም ምንም ካላለኝ ታዲያ እንግድነቱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ልጅቷን የቤቱ ባለቤት የት እንዳለ ጠየቀቻት፤ ሰላም ልትለው። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ሆቴሉ የአንድ ኩባንያ ነው አለቻት። እማዬ ወደኔ ዞራ «ኩባንያ እንግዳ ይቀበላል እንዴ?» አለች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሻንጣዋ ደግሞ ድንጋይ የተሞላ ይመስል ነበር፤ የተሸከመላት ሠራተኛ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፈ። ምን ይዘሽ ነው ብላት «ልብሴን» አለች። አንዲት ቀጭን አሮጊት ምን ያህል ልብስ ቢኖራት ነው?

አሁን የምነግርሽን ማመን ያቅትሻል። ሰው ሆዱ እስኪፈነዳ በሚበላበት ሆቴል ውስጥ እናታችን ተራበች።

የመጀመሪያው ማታ ከዚያ ሁሉ የምግብ መዓት ሦስት ፍሬ ወይራና አንድ ቁራሽ ዳቦ ይዛ መጣች። መንገዱ አድክሟት ነው አልኩ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ሻይ ብቻ ጠጣች። ምሳ ላይ ግማሽ ቲማቲም። ምን ሆንሽ ስላት «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ምን በልተሽ ነው የጠገብሽው? ቆሽቴ አረረ። ኦክታይ ምግቡ ሐላል አይደለም ብላ ጠርጥራ ይሆናል ብሎ ዋናው አብሳይ ድረስ ሄዶ አስማለው። ዴፍኔ ደግሞ አያቷ ጥርሷን አሟት እንደሆነ አፏን ከፍታ ካላየሁ አለች። እኔ «እማዬ፣ ቡፌ እኮ ነው፤ ሂጂና አንሺ!» እላለሁ። እሷ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ የሚያልፍ የሚያገድመውን ታያለች። ሐኪም ልጠራላት ነበር፤ እውነቴን ነው።

እራት ላይ ቬይሰል የሚባል አስተናጋጅ መጣ፤ አርባ የሚጠጋው፣ ከሙሽ አገር የመጣ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። የበላንበትን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል የእማዬን ሳህን አየ። «እማማ፣ ምነው? የኛን እጅ ናቁት እንዴ?» አላት። «ኧረ አይደለም ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።» «አይሆንም፤ ከዚች ደበርጃን ትንሽ ይቅመሱልኝ።» «በቃኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።» «በሞቴ!» «ኧረ ተው አንተ ልጅ።» «እኔ ስሞት! የናቴ እጅ የለበትም ብለው ነው? አንዲት ጉርሻ ብቻ።» እማዬ «እንግዲህ ይህን ያህል ካልክ...» ብላ እጇን ሰደደች። እትዬ፣ ሁለት ሳህን ጥርግ አድርጋ በላች። ከዚያ የሩዝ ገንፎ ጨመረችበት።

ለካ ሴትዮዋ እስክትለመን ነው የጠበቀችው! ያደግንበትን ቤት ታውቂው የለ፤ እንግዳ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ ባለቤቱ አራት ጊዜ ይለምናል። ማንም ብዪልኝ ሳይላት ከሰው ድስት ራሷ ጨልፋ መብላት ለእማዬ ስርቆት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ከጎኗ ተቀምጬ እየተናደድኩ አንድ ጊዜ እንኳ «በሞቴ» አላልኳትም። ሆቴሉ ሁሉን ያካተተ ነው ይላሉ፤ ይህቺን ግን ረስተዋታል። እኔም ረስቻታለሁ፤ የተናደድኩት በሷ ይሁን በራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

ከድጡ ወደ ማጡ የገባነው በበዓሉ ጠዋት ነው። ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው። ኦክታይ ፎጣ ሊያነጥፍ ወጥቷል። ገንዳው ጋ ሮጥኩ፣ የለችም። ቡፌው ጋ ሮጥኩ፣ የለችም። ባሕር የማታውቅ ሴት ባሕር ዳር ሄዳ ይሆን ብዬ በሌሊት ልብሴ አሸዋው ላይ እየተደናቀፍኩ ስሟን ስጣራ ዴፍኔ ከኋላዬ «እማ፣ አያቴ ሎቢ ናት» ብላ ጮኸች። «ግን ደንገጥ እንዳትዪ» ብላ ጨመረችበት።

ሎቢው ውስጥ ከትልቁ የመስታወት በር ፊት ለፊት፣ ትልቁ ሶፋ መካከል ተቀምጣለች። ያን የወይን ጠጅ ከፋይ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጠርዙን በመርፌ የሠራሽላትን ነጭ ሻሽ አስራለች። ጠረጴዛው ላይ ያ ከባዱ የቤታችን የብር ትሪ አለ፤ ከረሜላው፣ ሦስት ካርቶን ሎኩም፣ ያ ስኳር የተነሰነሰበት የአፍዮን ጣፋጭ፣ የሎሚ ሽቶው በትልቁ ጠርሙስ። ሻንጣውን ያከበደው ይኸው ነው! «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ። «በዓል አይደል? ሰው ይመጣል» አለች። «ማን ይመጣል? እዚህ ማን ያውቅሻል?» «ሽማግሌ ከተቀመጠ ሰው ይመጣል። አንቺ ሂጂ ዋኚ» ብላ ቦርሳዋን አቀበለችኝ። «ስልኬንም ያዢልኝ፤ ሰው እጄን ሲስም ስልክ አላወራም።»

ዓይኔን ግንባር ያርገው እትዬ፣ የምገባበት ጠፋኝ። አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ከነዋና ልብሱ እያለፈ የሆቴሉ መስተንግዶ መስሎት ከረሜላውን ዘግኖ ሄደ። እማዬ «እንኳን አደረሳችሁ» አለቻቸው፤ እነሱም ፈገግ ብለው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏት። እኔ ከዓምዱ ኋላ ባለው ወንበር ተሸሸግኩ። ግማሽ ሰዓት ማንም አልመጣም። እማዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀሚሷን ታስተካክላለች። በሩ ይዘጋል። እንደገና ይከፈታል፣ እንደገና ታስተካክላለች። እሷን ማየቱ አንጀቴን በላው፤ ግን ተነስቼ ልሂድና እኔ ልጇ አንደኛ ሆኜ እጇን ልሳም የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። መቼ ትነሳልኝ ይሆን ነበር የምለው።

ያን ጊዜ ቬይሰል ብርጭቆ የሞላ ትሪ ተሸክሞ መጣ። እማዬን ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ እጇን ስሞ በግንባሩ አስነካ። «እንኳን አደረሰዎ እማማ።» እሷም መዳፉ ላይ የሎሚ ሽቶ አፈሰሰችለት፣ ሎኩም አጎረሰችው፣ እናቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቀችው። አሉ፤ ሙሽ ናቸው። በበዓል ሆቴሉ ስለሚሞላ ፈቃድ አይሰጥም፤ እጃቸውን ከሳመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «ታዲያ አልደወልክላትም?» አለችው። «ሥራ ላይ ስልክ ክልክል ነው እማማ፣ ጠዋት ሎከር ውስጥ ይቆልፉብናል። እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነው የምትደውለው። ሲጮህ ይታወቀኛል፤ ግን ምን ላድርግ፣ ቁልፍ ነው።» ይህን ሲል ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ምንም ሳያውቅ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ወሬው ወጥ ቤት ደረሰ መሰለኝ። መጀመሪያ ሁለት የክፍል ጽዳት ሠራተኞች ጓንታቸውን እያወለቁ መጡ። ከዚያ አብሳዮች ከነረጅም ቆባቸው። ከዚያ አትክልተኛው፣ የሻንጣ ተሸካሚው፣ ሾፌሩ። የዋና ጠባቂው ቁምጣ ብቻ ስለለበሰ አፍሮ ወገቡ ላይ ፎጣ አሸርጦ ተሰለፈ። ሰልፉ እስከ አበባ ማስቀመጫው ደረሰ። እማዬ እያንዳንዱን የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ፣ እናቱ እንዳለች ሳትጠይቅ አታሳልፍም። አንዲት ወፍራም የልብስ አጣቢ እጇን ከሳመች በኋላ መላቀቅ አቅቷት እማዬ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እማዬ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች «በቃ፣ በቃ፣ አይዞሽ፤ ሎኩም ብዪ» ትላታለች።

መጨረሻ ላይ ክራቫት ያሰረው ኃላፊ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሆቴሉ ደንብ ነው፤ ከውጭ የገባ ምግብ ሎቢ ውስጥ...» ብሎ ሲጀምር እማዬ «እጅህን ዘርጋ» አለችው። የኛ አገር ሰው የሽቶ ጠርሙስ ሲያይ እጁን ሳይዘረጋ ይቀራል? ዘረጋ። አፈሰሰችለት። አንዴ ከፈሰሰ ደግሞ እጅን ማሸት፣ ፊትን መዳበስ ግድ ነው፤ ደንቡን ሳይጨርስ ሲያሽ ቆየ። «የማን ልጅ ነህ?» አለችው። እሱም ድምፁ ለስልሶ የቡርዱር ልጅ መሆኑን፣ እናቱ አምና ማረፋቸውን ነገራት። ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ። ቀና ሲል ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «ሁለት ሁለት እየሆናችሁ! ገንዳው ባዶውን ቀርቷል!» ብሎ ተቆጣ። ያቺን ያህል እንኳ ካልተቆጣ ኃላፊነቱ የት አለ።

በዚህ መካከል የእማዬ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። አወጣሁት። ስምሽ ነበር። ፎቶሽም፤ አባባ የተከለው ወይን ሥር ቆመሽ ስትስቂ። እንኳን አደረሰሽ ልትያት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በበዓል ጠዋት ልጅ ለእናቷ ሌላ ምን ብላ ትደውላለች? ሆዴ ግን «አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው» አለ። እጄ እኔን አልጠበቀም። ጎኑን ተጫነ፣ ድምፁን አጠፋ፣ ገለበጠው፣ በፊቱ ወንበሩ ላይ ደፋው። አንድም ቦታ አልተሳሳተም። እጄ መንገዱን ያውቀዋል።

ዴፍኔ አጠገቤ ቆማለች። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያኔ ሰባት ነበረች፤ ያኔም ገንዳው ዳር አጠገቤ ተቀምጣ አይስክሬም ትልስ ነበር። የተደፋውን ስልክ አየች፣ እኔን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ አሁንም ካዝና ውስጥ ነበር ልትይ ነው?» አለችኝ።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ሌላ ነገር አልጨምርም። ከሁለታችን ብልሕ አንቺ ነሽ።

ተነስቼ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ፤ ከአንድ የሳህን አጣቢ ኋላ። ተራዬ ሲደርስ የእማዬ እጅ ከመሳሙ ብዛት ቀልቷል፣ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ሳምኩት። እንደ ሌሎቹ ሁሉ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ለቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን ሳቁ ቀረ። «ያንቺና የአባባ» አልኳት። ሎኩሙን አጎረሰችኝና «ክፍል ውሰጂኝ፣ ደከመኝ» አለች።

ክፍል ስንገባ ጫማዋን አወለቅኩላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እህትሽ ደውላ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «አነሳሽላት?» ድምፁ የጠፋውን ስልኳን መለስኩላት። ከዚያ የነገረችኝን በራሷ አፍ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺ ብታውቂውም እኔ መስማቴን እንድታውቂ።

«ያን ቀን ጠዋት አባትሽ ደህና ነበር» አለችኝ። «ቁርሱን በልቶ በረንዳው ላይ ወጣ። እህትሽን ‹እስቲ ለታናሽሽ ደውይልኝ፣ ድምጿን ልስማ፤ እንዳትቆጫት ደግሞ› አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲጮህ ሲጮህ ሰማና ‹ውሃ ውስጥ ናት መሰለኝ፣ ትጫወት› ብሎ መለሰላት። ቆይቶ ደግሞ አስደወላት። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ‹ትጫወት› ነው ያለው። ቀትር ሳይሆን ወደቀ።»

እኔ ሁልጊዜ የሞቱን ዜና ልትነግሪኝ የደወልሽ ነበር የሚመስለኝ። እሱ ነው የደወለው እንጂ አንቺ አይደለሽም። እማዬን ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። «እህትሽ ቁርኣን አስይዛ አስማለችኝ» አለች። «‹ሳትጠብቂኝ ቀበርሽው ብላ እኔን ትጥላኝ፤ ይህን ከምትሰማ እኔን ትጥላኝ› አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ያዝኩት። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እኔ አርጅቻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ሁለታችሁም ቂሎች ናችሁ።» ይህን ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ባሕሩን እስካሁን በቅጡ አላየችውም።

ሁለት ቀን ይህን ወረቀት ሳገላብጥ ቆየሁ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አልጠይቅሽም። ለቅሶ ቤት ያ ሁሉ ሰው ሲያይሽ «ደውዬልሽ ነበር» ብለሽ ዝም ያልሽው ሌላ የምትይው አጥተሽ አልነበረም። «የአባቷን ቀብር ለእህቷ ያላስጠበቀች» ሲሉሽ ኖረሻል፤ ካሉት ሁሉ ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነኝ። የካዝናውን ነገር አምነሽኝ ነበር? አይመስለኝም። ሳታምኚኝ ሆድ ይፍጀው አልሽ። አፍሬአለሁ እትዬ። ይህን ቃል ስጽፈው እጄ እምቢ አለኝ፤ ግን ጻፍኩት። አፍሬአለሁ።

ነገ ከቁርስ በኋላ እንነሳለን። ቬይሰል እማዬን በሞቴ እያለ አወፍሯት ቀሚሷ ጠቧታል፤ ላንቺም አንድ ማሰሮ ወይራ ልኳል፤ ስላንቺ ነግራው። አስር ሶላት ሳይደርስ አፍዮን እንገባለን። ይህን ደብዳቤ እማዬ ይዛልሽ ትገባለች። መምጣት ያለብኝ እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ታናሽ እኔ ነኝ። ግን በዚያ በጮህኩበት አፍ ደጅሽ ላይ ቆሜ «እንኳን አደረሰሽ» ማለት ከበደኝ። መጀመሪያ አባባ ጋ መሄድ አለብኝ። ያን ጊዜ በማግስቱ ተቆጥቼ ስለሄድኩ መቃብሩን አላየሁትም፤ ከዚያ ወዲህም ረግጬው አላውቅም። ከመቃብር ስፍራው በር ስገባ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ወደ ግራ አላውቅም። እማዬ ላሳይሽ አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። አንቺ እንድትነግሪኝ ነው የምፈልገው። መምጣት ከቻልሽ በሩ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ፤ እጅሽን እዚያው እስማለሁ። ጉልበትሽ ካመመሽ ግን አትድከሚ። ደውይና «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብቻ በይኝ፤ ይበቃኛል። ከዚያ በእግሬ ወዳንቺ እመጣለሁ።

ኦክታይ ከታች እየጠራኝ ነው፤ ፎጣው ላይ ሰው ተቀምጦበታል አሉ። ይቀመጥበት!

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። አባባን ጀነት ያግባልን። ከኋላችን የደፋሽው ውሃ ደርሶናል፤ እየተመለስን ነው።

ናፋቂሽ
ታናሽ እህትሽ

ካጠፍኩት በኋላ እንደገና ከፍቼ የጨመርኩት፦ ስልኬ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።